አራት ሰው ካልሞላ የሚዘጋው ክበብ

«ኧረ ጫማህን አድርግ! አንተ ካልመጣህ ክበቡ ዛሬ ይዘጋል!»

በሩን የሚደበድበው ኸድር ነው... የዚያው ግቢ ተከራይ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ።

ውስጥ ያለው መሳፍንት ደግሞ ኮሌጅ ሊማር ከደብረ ሲና ሸዋ ሮቢት ከወረደ ገና ወር አልሞላውም።

ሻንጣውን አስሮ ጨርሷል። ቅዳሜ ወደ ቤቱ ሊመለስ ነው።

ምን ሆነ አትሉም?

ምንም! ምንም ስላልሆነ ነው።

ከትምህርት ይመለሳል... ቆርቆሮው የሚጋረፍ ክፍሉ ይገባል... በሩን ይዘጋል... ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ ይመሻል። ከሰላምታ ሌላ ቃል ሳይተነፍስ ያለፈው ቀን ብዙ ነው።

ክበብ ልግባ ብሎ ሞክሮ ነበር እኮ። የድራማዎቹ ጋ ሄደ... ሁሉም ይተዋወቃል፣ ይሳሳቃል። የሚኒ ሚዲያው ጋ ሄደ... «ምን ትችላለህ?» አሉት። ምን ልበል ብሎ ሲያስብ ሌላው ቀድሞት ተመዘገበ።

እጁን ኪሱ ከቶ ተመለሰ።

ልቀመጥ ቢል ጭንቅ። ልመለስ ቢል አባቱ «ልጄ ኮሌጅ ገባ» ብለው በግ አርደው ሰፈሩን አብልተዋል። ምን ብሎ ይግባ? ቢሆንም ቆርጧል።

«የምን ክበብ ነው?» አለ በሩን ገርበብ አድርጎ።

«የችግኝ! አራት ሰው ካልሞላ ይዘጋል ተብለናል። ወላሂ ለዛሬ ብቻ!»

ይሉኝታ ክፉ ነው... ወጣ።

በሮቢት ፀሐይ ጀሪካን ተሸክሞ የኮሌጁን የማንጎ ችግኝ ማጠጣት! ለደብረ ሲና ልጅ ይሄ ቅጣት ነው። አብረውት ያሉት ሐና የምትባል የጣርማ በር ልጅና አደም የሚባል ዝምተኛ የማጀቴ ልጅ ናቸው።

ቅዳሜ ሊሄድ ሲል ኸድር «ሰኞ ሊጎበኙን ነው፣ አታጉድለን» አለው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ምክንያት። ከዚያም ሌላ...

ልጁ ተጠመደ። ሙቀቱን አይወደው፣ ጀሪካኑን አይወደው... ግን «እኔ ብሄድ የሰው ክበብ አዘጋሁ» የሚለው ነገር እግሩን ይዞታል።

በመጨረሻ ልቡን አጠንክሮ የክበባት አስተባባሪው መምህር ፈለቀ ቢሮ ገባ።

«መምህር፣ ከችግኝ ክበብ ልለቅ ነው። እኔን የሚተካ ሰው ይፈለግላቸው።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የችግኝ ክበብ? እንዲህ የሚባል ክበብ የለንም እኮ ልጄ። ችግኙን የሚያጠጣው ጥበቃው ነው።»

የመሳፍንት ደም ፈላ። እየሮጠ ሐናና አደም ጋ ሄደ።

«ተሸውደናል! ክበብ የሚባል ነገር የለም! እኔ እናንተ ላይ እንዳይዘጋባችሁ ብዬ ነው የቆየሁት!»

ሐና ጀሪካኗን አስቀመጠች።

«እኛ ላይ? እኔ እኮ ላንተ ብዬ ነው! ‹የደብረ ሲናው ልጅ ከዚህ ሌላ የሚሄድበት የለውም፣ ከተውሽ ይዘጋበታል› ብሎኝ... ያሰርኩትን ሻንጣ የፈታሁት ላንተ ብዬ ነው!»

አደም መሬት መሬቱን እያየ «እኔን ደግሞ ለሐና ስትል ብሎኛል» አለ።

ይሄኔ ኸድር ደረሰ። አልካደም።

«ዋሽቻለሁ... አፉ በሉኝ። አምና አሁን መሳፍንት ያለበትን ክፍል ተከራይቶ የነበረውን ልጅ ከሰላምታ ሌላ አላወራሁትም። አንድ ቀን ሳየው ክፍሉ ባዶ ነው። ምን እንደከፋው እንኳ አላውቅም። እናንተንም ‹ኑ እንጫወት› ብላችሁ አትመጡም ነበር። ‹አግዙኝ› ስላችሁ ግን መጣችሁ።»

ሐና ጀሪካኗን መልሳ አነሳች።

አደም ግን በማግስቱ አልመጣም።

እሱ ባይኖር የሚጎድል ነገር እንደሌለ ሲሰማ ሻንጣውን ይዞ ማጀቴ ገብቷል።

መሳፍንት ያን ጊዜ ነው የደነገጠው። እውነቱን በአደባባይ ሲጮህ፣ ልጁን ይዞት የነበረውን ነገር እንደበጠሰው ገባው። አፈረ።

እሁድ ሦስቱም ሚኒባስ ተሳፍረው ማጀቴ ሄዱ። በር የከፈቱት የአደም እናት እትዬ ሙሀባ ናቸው።

«እነማን ናችሁ ልጆቼ?»

«የአደም ጓደኞች ነን።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «‹አንድም ሰው የለኝም› ብሎኝ እኮ ነው የመጣው!»

አደም ድምፅ ሰምቶ ወጣ። ሲያያቸው ፊቱን አኮሳተረ።

«ምን ልትሠሩ መጣችሁ? ክበቡ ውሸት ነው ተባለ አይደል?»

ቀድሞ የመለሰው መሳፍንት ነው... ያ ከክፍሉ የማይወጣው ልጅ።

«አዎ፣ ውሸት ነው። ችግኙንም ጥበቃው ያጠጣዋል። እኛ የመጣነው አንተን ልንወስድ ነው።»

አደም ሻንጣውን ሊያመጣ ወደ ውስጥ ገባ።

ቤተሰቦች...

ብቻውን የሆነ ሰው «ብቻዬን ነኝ» ብሎ አይናገርም። ያፍራላ!

ዘንድሮ ኮሌጅ የምትገቡ፣ ክበብ ፈልጋችሁ ግቡ። «ምን ትችላለህ?» ካሏችሁ «ምንም፣ ልማር ነው የመጣሁት» በሉ፣ ነውር የለውም። ነባሮቹ ደግሞ... አዲሱ ልጅ እስኪለምናችሁ አትጠብቁ። «እንፈልግሃለን» ለማለት ክበብም ሰበብም አያስፈልግም።

እኔ ውሸት አልወድም። ኸድርን ለመውቀስ ግን አፌ እምቢ አለኝ።

እናንተስ ኸድርን ብትሆኑ ትዋሹ ነበር... ወይስ ከመጀመሪያው እውነቱን ትነግሯቸው ነበር? እስቲ ኮመንት ላይ እንከራከር!