በዓይኑ ያየ ምስክር

የኮሌጁ የእርዳታ ኮሚቴ የሚሰበሰበው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ደጅ ያለው አግዳሚ ወንበር አንድ እግሩ ስለሚያጥር የተቀመጠበት ሁሉ ሳይወድ ይወዛወዛል።

ልጅቷም እየተወዛወዘች ትጠብቃለች። ጓደኞቿ «ጉንዳን» ይሏታል። ጠዋት ትማራለች፣ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎች ካፌ ውስጥ ሳህን ታጥባለች፣ ሲመሽ ጓደኛዋ የተከራየችው ክፍል ወለል ላይ አንጥፋ ትተኛለች። ዛሬ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነው። እርዳታው ካልተፈቀደላት ሁለተኛ ዓመት የሚባለውን ነገር ከአጥር ውጭ ቆሞ ማየት ነው።

ያስቸገራት ደንቡ ነው። እናቷን በልጅነቷ ቀብራለች፤ አባቷ ግን በሕይወት አለ። አባት ያለው ተማሪ እርዳታ የሚያገኘው፣ አባትየው ከቤት እንዳስወጣውና እንደማይረዳው በዓይኑ ያየ ሰው ቀርቦ ሲመሰክርለት ብቻ ነው።

ያየ ሰው ደግሞ ከየት ይመጣል? ጨንቋት አክስቷ ጋ ደውላ ነበር።

«በገዛ ወንድሜ ላይ ቆሜ ልመስክር? ኧረ ምነው ልጄ!» አለቻት አክስቷ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «መቼ ነው ያልሽኝ ስብሰባው?»

ልጅቷ ነገረቻትና ተስፋ ቆርጣ ስልኩን ዘጋችው።

ተራዋ ደርሶ ስትገባ ሦስት ሰዎች ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ ተደርድረዋል፤ ሰብሳቢዋ፣ ሒሳብ ሹሙና ጸሐፊው።

«ምስክርሽስ?» አለች ሰብሳቢዋ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ።

«የለኝም።»

«እዚህ የሚመጣው ሁሉ አባቴ ጨካኝ ነው ይለናል» አለ ሒሳብ ሹሙ። «ትምህርት ሲዘጋ ግን ሻንጣውን አንጠልጥሎ የሚሮጠው እዚያው ጨካኙ ቤት ነው።»

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ቱታው በእሳት ፍንጣሪ የተበሳሳ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ። ዓይኖቹ ደም መስለዋል።

«ለዚች ልጅ ልመሰክር ነው የመጣሁት» አለ።

ልጅቷ እንዳየችው እንደ እንጨት ደርቃ ቀረች። ሒሳብ ሹሙን ይቺ አላመለጠችውም። ወደ ሰብሳቢዋ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ከበር ላይ የተገዛ ነው» አላት። ለከፈላቸው ሁሉ የሚመሰክሩ ሰዎች ከግቢው በር እንደማይጠፉ ሦስቱም ያውቃሉ።

ሰውየው መታወቂያውን ከደረት ኪሱ ሲያወጣ ሰብሳቢዋ በእጇ ከለከለችው። «እሱ ይቆየን። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«በያጅ ነኝ። በርና መስኮት እሠራለሁ።»

«ዓይንህ በብየዳው ነው የቀላው ወይስ ቀምሰህ ነው?» አለ ሒሳብ ሹሙ።

«ዛሬ ሥራ አልገባሁም። መጠጥም አልቀመስኩም።»

«እሺ፣ ያዩትን ይንገሩን» አለች ሰብሳቢዋ።

በያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባትየው ትምህርቱ ይብቃሽ፣ ሥራ ገብተሽ ቤቱን አግዢ አላት። እሷ አሻፈረኝ አለች። ያን ቀን ዝናቡ ይወርዳል። ፍራሿን ጎትቶ አውጥቶ ጭቃው ላይ ወረወረው። እሷ ጫማዋን እንኳ ለማድረግ ጊዜ አላገኘችም፤ በእጇ ይዛው ወጣች። ልጅ የለኝም ብሎ በሩን ዘጋባት።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚያው።»

«ታዲያ ምነው አላስጣሏትም?»

ሰውየው ኮፍያውን በጣቶቹ አዟዟረው። «ማስጣል ነበረብኝ። አላስጣልኳትም።»

«ከዚያ ወዲህ ረድቷታል?»

«ሰባራ ሳንቲም አልሰጣትም። ምን ትበላለች፣ የት ታድራለች ብሎም አልጠየቀም።»

«ይህን ያህል እርግጠኛ የሆንከው በምን ነው?» ሒሳብ ሹሙ ሳቀ። «ለመሆኑ ስንት ከፈለችህ?»

በያጁ አልተቆጣም።

ሰብሳቢዋ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ታውቂዋለሽ?»

«አውቀው ነበር።»

«መጥተህ መስክርልኝ ብለሽዋል?»

«አላልኩትም።»

«የተናገረውስ እውነት ነው?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ሰውየውን አየችው።

«እውነት ነው። አንድ ነገር ግን ትቷል። አባቴ በሩን ከዘጋ በኋላ መስኮቱ ጋ ቆሞ ያየኝ ነበር። አሁን ይጠራኛል፣ አሁን ይጠራኛል እያልኩ፣ ሆን ብዬ ቀስ እያልኩ ነው የሄድኩት።»

በያጁ ወደ ወለሉ አቀረቀረ።

«ይኸው!» አለ ሒሳብ ሹሙ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ። «ይህን አያውቅም። እዚያ ቢኖር ኖሮ ይህን ይተወው ነበር? የተነገረውን ሸምድዶ ነው የመጣው።»

ሰብሳቢዋ ግን የሰውየውን እጆች ነበር የምታየው። ከብረት ጋር ሲታገሉ የኖሩ ሻካራ እጆች ኮፍያው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ስንቱን የበር ላይ ምስክር አይታለች፤ የአንዱም እጅ ሲንቀጠቀጥ አላየችም።

«ለገንዘብ ብሎ የመጣ ሰው እንዲህ አይሆንም» አለች። «እኔ አምኜዋለሁ። እርዳታው ይፈቀድላት። አንቺም ዛሬውኑ ሄደሽ ተመዝገቢ፣ ልጄ።»

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሒሳብ ሹሙ እያጉረመረመ ወረቀቶቹን ሰበሰበ። እስካሁን ቃል ያልተነፈሰው ጸሐፊ ብዕሩን አንስቶ ወደ በያጁ ተመለከተ።

«ለቃለ ጉባኤው ያህል ነው» አለው፤ «ለተማሪዋ ምኗ ነዎት?»

«አባቷ ነኝ።»