ከነጠብጣቡ ሥር የነበረው ምንጭ

የቤት መብራት ጆሮ ባበቀለበት ዘመን፣ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ (የአቦርጂናል) ተወላጇ ሠዓሊ የኖሊን ሥዕል አንድ ምሽት ሥዕሎቿን በሚያሳየው ጋለሪ ሕንጻ ላይ በብርሃን ተዘረጋ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እሷ ግን ክው አለች። ለሴቶች ብቻ የተቀደሰውን የሴት አያቶቿን ምንጭ ስትሥል፣ ወንድ እንዳያየው ሁልጊዜ በነጠብጣብ ትሸፍነው ነበር። ግድግዳው ላይ ነጠብጣቡ ተገፎ ምንጩ ፍጥጥ ብሎ ወጥቷል።

ከእሷ ሌላ ምስጢሩን የምታውቀው ታናሽ እህቷ ዶሪን ብቻ ናት።

«ለጋለሪው ሰዎች አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?»

«እኔ? ምላሴ ይቆረጥ! ካንቺ ሌላ ለማን አውርቼ አውቃለሁ? ያውም ወጥ ቤትሽ፣ ሳህን ስናጥብ።»

ኖሊን ጋለሪው በስጦታ የሰጣት የወጥ ቤት አምፖል ትዝ አላት፤ እሱም ጆሮ ነበረው።

ቤት ሲገቡ ማብሪያውን አልነካችም፤ ቃልም አልተነፈሰች። በጨለማው የእህቷን መዳፍ ዘርግታ፣ ይቅርታዋን በጣቷ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሣለችላት።