ክዳኑ የተከፈተ ቀን

ከተማችን በመስተዋት ክዳን ከተሸፈነች ወዲህ ዝናብ ነክቶን አያውቅም። ቤት የሚሠራ ሰውም ግድግዳ ብቻ ያቆማል እንጂ፣ ጣራ የሚባል ነገር ረስቷል። «ክዳኑ ይከፈት» የሚለው ፓርቲያችን በየምርጫው ሲሸነፍ ኖሮ፣ ዛሬ የከተማው ምክር ቤት በአንድ ወንበር ብልጫ እጃችን ገባ!

ውጤቱ በድምፅ ማጉያ ሲነገር እልልታዬን አቀለጥኩት። ባለቤቴ ደባልቄ ክዳኑን የዘጉት የድሮዎቹ ገዢዎች ደጋፊ ነው፤ አኩርፎ አልጋው ላይ ተቀመጠ። አዲሱ ምክር ቤት ቃሉን ሳያሳድር ክዳኑን ከፈተው።

የመጀመሪያው ጠብታ ያረፈው የደባልቄ መላጣ ላይ ነው።

«ዘርፌ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ዝናብ ነዋ!»

ወዲያው ዶፉ ወረደ። ፍራሹ ራሰ፤ ያሰጣሁት በርበሬ ጭቃ ሆነ፤ የሰርጋችን ፎቶ ቀለሙን ለቀቀ። ከየጎረቤቱ ዋይታና እልልታ ተደባልቆ ይሰማል።

«ያን ሁሉ ስትቀሰቅሱ ጣራ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም?» ብሎ ደባልቄ ጮኸ።

እውነቱን ነው፤ ማናችንም አላሰብነውም።

«ይርጠብ!» አልኩት፣ ፊቴን ወደ ሰማይ አቅንቼ። «የመረጥኩት እኔ ነኝ!»

ደባልቄ ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ። ዝናቡ ገባበት። ቀመሰው፤ አፉንም መልሶ አልዘጋውም።