የረጅሙ እናት

ካውያው የነጩን ሸሚዝ ኮሌታ እየዳመጠ ሳለ ፊተ ጠቃጠቆው ሞርሞን ረጅሙን ጓደኛውን በአገጩ አመለከተና፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው፣ «የሱ እናት ባለፈው ሳምንት ሞተች» አለ።

የባለ ላውንደሪዋ እጅ ባለበት ቀረ። ካውያውን ያነሳችው ጨርቁ ማረር ማረር መሽተት ሲጀምር ነው።

ሁለቱ ልጆች፣ ከባሕር ማዶ የተላኩት የሞርሞን እምነት ሰባኪዎች፣ ሸሚዛቸውን ሊወስዱ በየሳምንቱ ወደዚህች ጠባብ ቤት ብቅ ይላሉ። መቼም ቢሆን ሁለት ሆነው ነው፤ አንዱ ሽንት ቤት ቢገባ ሌላው በር ላይ ይቆማል። ደረታቸው ላይ ያለው ጥቁር የስም ምልክት «ሽማግሌ» ይላቸዋል፣ ጢም በቅጡ ያላበቀሉትን። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ባያቸው ቁጥር «ሽማግሌዎችሽ መጡ፤ ዛሬ ማንን ሊያስታርቁ ነው?» ይላታል። ደስ ሲለው ሰላይ ያደርጋቸዋል፣ ሲከፋው ሰይጣን። ቡና ሻይ የማይቀምስ ጎረምሳ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው ለደህና ነገር አይደለም ባይ ነው። በሱ ምላስ ምክንያት የሸሿት ደንበኞችም አሉ። እሷ ግን «ሸሚዛቸው ንጹሕ፣ አመላቸው ጥሩ፤ የቀረውን እግዜር ይወቅ» ብላ ታልፈው ነበር።

ይህን ስትል የኖረችው አንድያ ልጇ እነሱን ተከትሎ እስኪጠመቅ ድረስ ነው። አሁን ደግሞ እንደነሱ ሻንጣዬን ይዤ፣ የማላውቀው አገር ሄጄ፣ ሁለት ዓመት የሰው በር ላንኳኳ ብሏታል። ያለ ምርቃትሽ ግን አልሄድም ብሏል። ስትቆጣ፣ ስታኮርፍ፣ ስታለቅስ ከርማ ዛሬ ጠዋት ሆዷ ራራና «ማታ እመርቅሃለሁ» አለችው። ይኸው ከኋላዋ አንሶላ እያጣጠፈ ያፏጫል።

«ሞተች ማለት?» አለች ወደ ረጅሙ ዞራ። «ታዲያ መቼ ልትሄድ ነው?»

ረጅሙ ቃላቱን እየፈለገ ነው የሚናገረው። «አልሄድኩም፣ እማማ። ቀብሩ አለፈ።»

«ከለከሉህ?»

«አልከለከሉኝም። ከፈለግህ ሂድ ብለውኝ ነበር። እናቴ ናት የከለከለችኝ። ታማ ሳለች በስልክ፣ ብሞትም እንዳትመጣ፣ ሥራህን ጨርስ አለችኝ።»

ካውያውን ማረፊያው ላይ አስቀመጠችው። ቀስ ብላ አስቀመጠችው፣ ብትወረውረው ደስ ይላት ስለነበር።

«እሷማ ትላለች። እናት አይደለች? ምን እንድትልህ ፈለግህ? ና ሬሳዬን ተሸከም ትበልህ? አትምጣ የሚባለው እኮ ልጅ እምቢ ብሎ እንዲመጣ ነው።»

«እኛ እንደገና እንደምንገናኝ እናምናለን» አለ ጠቃጠቆው ጣልቃ ገብቶ። «ቤተሰብ የዘላለም ነው፤ ስለዚህ...»

«አንተን የጠየቀህ የለም።»

ደሟ ፈልቷል። የገዛ እናቷ የሞተች ጊዜ በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ስትንገላታ አድራ፣ አፈር ሊመለስ ሲል ነበር የደረሰችው። ከቀባሪዎቹ እጅ አካፋ ነጥቃ አፈሩን ራሷ መልሳለች። ይኼ ግን ጫማውን ወልውሎ፣ ከረባቱን አስሮ፣ የእናቱ መቃብር ሳይደርቅ የሰው በር ሲያንኳኳ ሰንብቷል።

«እሁድ ዕለት እዚሁ ቆመህ ከልጄ ጋር ስትስቅ አይቼሃለሁ» አለችው። «ያን ጊዜ ሞታ ነበር?»

ረጅሙ መሬት መሬት አየ። «አዎ።»

«ያሳደገችህን ባዕድ ቀብሯት፣ አንተ እዚህ እኔን ልታድን? እኔ ምንህ ነኝ? አድነኝ ያለህ ማን ነው?»

ልብስ ሰፊው ጩኸቷን ሰምቶ በሩ ላይ ተገትሯል። «እኔ ስናገር ጠላት ሆንኩ እንጂ» አለ፣ ደስታውን መደበቅ አቅቶት። «እነዚህ ልጆች እኮ...»

«አንተም ወደ መርፌህ። የሰው እናት ሞታ ጥርስህን ታሰጣለህ እንዴ?»

ሰውየው ውልቅ ብሎ ሄደ። ወደ ረጅሙ ስትመለስ ከንፈሩን ነክሶ ከእንባው ጋር ይታገላል። አንጀቷን በላው። አንጀቷን መብላቱ ደግሞ የባሰ አናደዳት። በርጩማውን በእግሯ ገፋችለት።

«ተቀመጥ። ተቀመጥና እናትህን አልቅሳት።»

ያ ሁሉ ቁመት በርጩማው ላይ ተጣጥፎ ተቀመጠና፣ ያልተተኮሰ ሸሚዝ ፊቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ አለቀሰ። ጠቃጠቆው ጓደኛው ሲያለቅስ ያየው ገና ዛሬ ሳይሆን አይቀርም፤ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ቆመ።

ፉጨቱ ከቆመ ቆይቷል። ዘወር ስትል ልጇ አንሶላውን ደረቱ ላይ ታቅፎ ረጅሙን ያያል።

«አንተ» አለችው። ድምጿ ዝቅ አለ እንጂ ንዴቷ አልበረደም። «እኔ አትምጣ አልልህም። ሰማኸኝ? እኔ ና ነው የምልህ። የትም ሁን፣ የማንንም በር አንኳኳ፣ ጥለህ ና ነው የምልህ። ትመጣለህ?»

አዎ እማ ቢላት ይበቃት ነበር። ዋሽቶም ቢሆን።

ልጇ አፉን ከፈተ። ከመመለሱ በፊት ግን ዓይኑ እሷን አልፎ በርጩማው ላይ ወዳለው ልጅ ሄደ፣ ምን ብዬ ልመልስላት ብሎ የሚጠይቀው ይመስል።