እስኪደርቅ

የመድኃኒት ጋሪው ሲጥ ሲጥ እያለ በኮሪደሩ ሲመጣ ሳምራዊት አንሶላውን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው። አባቷ አስፋው ከአልጋው ጫፍ ብድግ አለ። ልጅቷ ዓይኗን ከበሩ ነቅላ እጆቹ ላይ ተከለችው።

ትናንት ቁስሏ ሲታጠብ ክንዶቿን አልጋው ላይ ተጭኖ የያዛት በእነዚያ እጆች ነው። "አባዬ ልቀቀኝ!" እያለች ድምጿ እስኪዘጋ ስትጮህ አልለቀቃትም። ከዚያ ወዲህ አላናገረችውም። ውሃ ሲያቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ማታ ያጎረሰቻት እንኳ እሱ ሳይሆን ከጎናቸው ባለው አልጋ እናቷን የምታስታምመው ጣይባ ናት።

የሳምራዊት እናት ከመንደራቸው ከቀወት አልመጣችም። አራስ ናት። ልጅቷ እግር ላይ የተገለበጠውም ለአራሷ ገላ መታጠቢያ የተጣደ ውሃ ነው። አስፋው ያን ዕለት እርሻው ላይ ማሾ ይለቅም ነበር። ጩኸት ሰምቶ ሲደርስ ከጉልበቷ በታች ያለው ቆዳ እንደ እርጥብ ወረቀት ተልጦ አገኘው። በባጃጅ ሸዋ ሮቢት እስኪደርሱ እቅፉ ውስጥ ሆና "አባዬ፣ አይዞህ" ያለችው እሷ ነበረች።

ነርሷ ሮማን ጋሪውን አልጋው አጠገብ አቆመች። "እንዴት አደርሽ የኔ ቆንጆ?"

ልጅቷ መንቀጥቀጥ ጀምራለች፤ የብረት አልጋው አብሯት ይንቀጠቀጣል።

"ማስታገሻ ወስዳለች፤ ግን ሕመሙን ጨርሶ አያጠፋውም" አለች ሮማን ለአስፋው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ካልታጠበ ያመረቅዛል። እንደ ትናንቱ ይያዙልኝ።"

"ሌላ ሰው አይይዛትም?"

"ማን አለ?"

አስፋው ክፍሉን ቃኘ። ጣይባ በካርቶን ቁራጭ እናቷን ታራግባለች። ሴትየዋን ወባ ጥሏቸው ከሌሊት ጀምሮ ልጃቸውን እንኳ ለይተው አያውቁም። ጣይባ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ካራቆሬ ገበያ ማበጠሪያና የጆሮ ጌጥ ስትሸጥ ነው የእናቷ መታመም የተነገራት፤ ዕቃዋን በፌስታል ጠቅልላ እንደያዘች ነው የመጣችው።

ካርቶኑን አስቀመጠች። ፌስታሉን ስትበረብር ቆየችና ሁለት ትንንሽ ብልቃጦች አወጣች።

"ሲስተር፣ በአላህ፣ ትንሽ ታገሺን" አለች። አልጋው ላይ ተቀመጠች። "ሳሚዬ፣ የቱን ልቀባሽ? ቀዩን ወይስ ሰማያዊውን?"

ሳምራዊት የጥፍር ቀለሞቹን አየች። አንሶላው ቀስ ብሎ ከአፍንጫዋ ወረደ።

"ትምህርት ቤት አይፈቀድም" አለች። ድምጿ ሻክሯል።

"አሁን ትምህርት ቤት ነሽ እንዴ?"

ልጅቷ አሰበች። አገጯን ወደ ሰማያዊው ቀሰረች።

"ጎበዝ። ግን ልንገርሽ፣ እስኪደርቅ እጅሽ አይንቀሳቀስም። ከተነካ ይበላሻል።"

ሮማን ሰዓቷን አየች። ፋሻውን መፍታት ጀመረች። ጣይባም አውራ ጣቷን ይዛ መቀባት ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ልጅቷ ዓይኗን ከጥፍሯ አላነሳችም። የአንድ እጇ ጣቶች በሙሉ ሰማያዊ ሆኑ፤ ከሌላኛውም ትንሿ ጣት ብቻ ቀረች። አፏን ከፍታ ስታያቸው አስፋው የፊት ጥርሷ መነቃነቁን ገና አሁን አስተዋለ።

ፋሻው ቁስሉ ላይ የተጣበቀበት ደረሰ።

ሳምራዊት ጮኸች። ብሩሹ ስቶ ቀለሙ እስከ መዳፏ ወረደ። አስፋው ሊይዛት ተንደረደረ፤ ልጅቷ እሱን ስታይ ይብስ ጮኸች። ባለበት ቆመ።

"ምንም አይደል፣ ምንም አይደል" አለች ጣይባ በሻሿ ጫፍ ቀለሙን እየጠረገች። "ይኸው፣ ጠፋ። እሪ በዪ፣ ጩኺ፤ እጅሽን ብቻ እንዳታነሺ። አንድ ጣት ቀረን።"

የመጨረሻዋን ጥፍር ቀብታ ሳትጨርስ ከጀርባዋ የብረት ድምፅ ተሰማ። እናቷ ከአልጋው ሊወርዱ እየታገሉ፣ የክንዳቸውን ግሉኮስ እየጎተቱ ነበር። ጣይባ ብልቃጡን አስፋው እጅ ውስጥ ወርውራ ሮጠች።

"ጋሼ አስፋው፣ እፍ ይበሉላት!" አለች ዞር ሳትል።

አስፋው ብልቃጡን ይዞ ቀረ። ሮማን በመድኃኒት የተነከረ የቁስል መጥረጊያ ጎዝ አንስታ ትጠብቃለች። ሳምራዊት የተዘረጉ ጣቶቿን አየች፤ ወዲያኛው አልጋ ላይ የምትታገለውን ጣይባን አየች። ከዚያ በኋላ ነው አባቷን ያየችው።

"አትንካኝ" አለችው። "እፍ ብቻ በል።"

ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከ። አፉን ጣቶቿ አጠገብ አድርሶ እፍ አለ። ሮማን ማጠብ ጀመረች። ልጅቷ ጭንቅላቷን ከትራሱ እያነሳች፣ መልሳ እየጣለች ጮኸች። እንባዋ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። እጆቿ ግን እንደተዘረጉ ናቸው፤ ይንቀጠቀጣሉ እንጂ ቦታቸውን አለቀቁም። አስፋው ዓይኑን ከእነሱ ላይ አላነሳም። ትንፋሹ ሲያልቅ ይስባል፤ መልሶ እፍ ይላል።

ከወዲያኛው አልጋ "እማ፣ እኔ ነኝ፤ እማ፣ ጣይባ ነኝ" የሚል ድምፅ ይሰማል።

ሮማን አዲሱን ፋሻ ስትጠቀልል አስፋው የጨረሱ መስሎት ቀና አለ።

"ይቺኛዋ አልደረቀችም" አለች ሳምራዊት፤ ትንሿን ጣቷንም ከንፈሩን እስክትነካ ድረስ አስጠጋችለት።