አራተኛዋ ቀዳዳ

ጊታሩ ቆሟል፤ እኔ ግን ገና እነፋለሁ። ከላይ እስከ ታች ወርጄ፣ ተመልሼ ወጥቼ፣ አንዷን ድምፅ በትንፋሼ ጎትቼ ጎትቼ ላጣምማት ስል፣ ከሃርሞኒካዋ ውስጥ ቀጭኗ የብረት ምላስ «ቲክ» ትላለች። ከእኔ በቀር የሰማት የለም። ጭብጨባው ሞቅ ብሏል፤ አንዱማ ያፏጫል።

ስትሪትሃም ሰፈር ባለችው ክፍሌ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በበሩ ስር ፎጣ ወትፌ፣ ሁለት ክረምት የተለማመድኩት ለዚህ እሁድ ነው። ጊታር መቺው ኪት ለባንዱ ሃርሞኒካ ነፊ ይፈልጋል፤ አንድ ብቻ። ሰው ፊት የምቆምበት ሌላ መንገድ አላውቅም። ዛሬ ካልወሰደኝ ወደ ፎጣዬ መመለሴ ነው።

ከእኔ ሌላ የሚሞክሩት ጋሽ ተክለአብ ናቸው። ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከኤድመንተን፣ እዚህ ኤሌፋንት ሰፈር ድረስ በባስ መጥተው፣ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ የመጠጥ ቤቱን ጥግ ይዘዋል። ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። የያዟት ሃርሞኒካ ከጊታሩ ቅኝት ጋር አትገጥምም።

«እስቲ ያንተን አውሰኝ።»

«ጋሼ፣ አራተኛዋ ቀዳዳ ሞታለች። ወደ ውስጥ ሲስቧት ድምፅ የላትም።»

«ማን ገደላት?»

«እኔ። አሁን።»

«ነፍስ ይማር። በል አምጣት።»

እሰጣቸዋለሁ። የዘፈኑ ዜማ ሁሉ የሚያልፈው በዚያች ቀዳዳ ነው። አበቃላቸው፣ እላለሁ በሆዴ።

ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ክብሪት ከነፋስ እንደሚከልል ሰው ሃርሞኒካዋን በመዳፋቸው ይሸፍኗታል። ኪት ይጀምራል። እሳቸው ዝም። የዘፈኑ የመጀመሪያ ዙር ሊያልቅ ሲል አንድ ድምፅ፤ ዝቅ ያለ፣ ከሌላ ክፍል የሚመጣ የሚመስል። ከዚያ እንደገና ዝም። ወሬ የያዙት ሰዎች አንድ በአንድ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ።

ዜማው ወደ ሞተችው ቀዳዳ መውጣት ይጀምራል። ጋሼ አይሸሿትም። ከንፈራቸውን በቀጥታ እላይዋ አድርገው ይስባሉ። የሚሰማው አየር ብቻ ነው፤ ሽው የሚል። ድራም መቺዋ ልጅ ዱላዎቿን እንዳነሳች ትቀራለች። ባዶዋን ቦታ ሁላችንም እንሰማታለን። ባንኮኒውን ተደግፎ የቆመ አንድ ሽማግሌ፣ ሳያስበው፣ የጎደለችውን ድምፅ በጉሮሮው ይሞላታል።

በሁለተኛው ዙር ግማሽ ቤቱ ያንጎራጉርላቸዋል። እሳቸው እግራቸውን አነባብረው፣ ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ጥለው፣ እዚያች ቦታ ሲደርሱ አየር ብቻ ይስባሉ። ቀና ብለው እንኳ አያዩንም። እኔ በአንድ ትንፋሽ የደፋሁትን ድምፅ እሳቸው ለዘፈኑ ሁሉ አብቃቅተውታል።

ሲጨርሱ መጨረሳቸውን ያወቀ የለም። መዳፋቸው ቀስ ብሎ ይከፈታል፤ የመጨረሻዋ ድምፅ ከውስጡ ወጥታ የት እንደደረሰች እንጃ። ማንም አያጨበጭብም። አስተናጋጇ የሰበሰበቻቸውን ብርጭቆዎች ታቅፋ መሃል ወለሉ ላይ ቆማለች።

ኪት መጥቶ ትከሻዬን ያዝ ያደርገኛል።

«ሶሪ፣ ወዳጄ» ይለኛል በጆሮዬ።

ዓይኔን ከጋሼ መዳፍ ላይ ሳላነሳ፣ «ለምኑ?» እለዋለሁ።