የላላው ቡሎን

በስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት በጋ የኮልፌ የውሃ ፓምፕ መካኒኩን ጉልላትን ሊያሳብደው ደረሰ። ውሃ እንዳያሾልክ የሚያግደውን ጓርኒሲዮን ይቀይራል፣ ቡሎኑን ያጠብቃል፣ እጁን ታጥቦ ይሄዳል። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሲመጣ ቡሎኑ ላልቶ ውሃው በግድግዳው ሥር ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል። ቀራንዮ ያለው ቦኖ ደግሞ ጠብ አይልም፤ እንስራና ቆርቆሮ የደረደሩት ሴቶች የሚራገሙት ጉልላትን ነው።

"አንድ ቀን ደግሞ ውሃ ቢጠፋ ሌላ ሥራ ፈልግ" አለው አለቃው።

ጉልላት ደነገጠ። ልጁ ጽጌማርያም እግሯ አልቆም ብሏት ሐኪም ተስፋ ቆርጦባት ነበር። እናቷ አስካለማርያም ጸበል ማመላለስ ከጀመረች ወዲህ፣ ተመስገን፣ ግድግዳ ይዛ መቆም ጀምራለች። አሁን ሥራ ፈትቶ ምን ሊያበላት ነው?

ጥፋተኛውን ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገውም። የፓምፕ ቤቱ ቁልፍ ከሱ ሌላ ያለው ዘበኛው ጋሽ መኳንንት ጋ ብቻ ነው። የሽማግሌው ጎመን ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ በዚያ ሐሩር ለምልሟል። ዓይን ያወጣ ሌብነት!

አንድ ማለዳ ከበርሜሎቹ ጀርባ ተደብቆ ጠበቀ። በሩ ተከፈተ። ጋሽ መኳንንት መፍቻውን አንስተው ቡሎኑን ቀስ ብለው ማላላት ጀመሩ።

"ያዝኩዎት!"

መፍቻው ከእጃቸው ወደቀ።

"ለጎመንዎ ብለው ነው አይደል ሰፈሩን በውሃ ጥም የሚፈጁት?"

ሽማግሌው በበሩ ወደ ቁልቁለቱ አዩ።

"አዎ ልጄ፣ ለጎመኔ ነው።"

"እኔን ከሥራ ሊያስባርሩ? ምን በደልኩዎት?"

"ምንም። ጥቂት ቀን ብቻ ታገሠኝ።"

"አንድ ቀን አልታገሥም!"

በዚያው ቀን ጋሽ መኳንንት ካቦርታቸውን ደርበው ከሥራ ተሰናበቱ። ለአለቃውም ቢሆን ሌላ ቃል አልተነፈሱም። ጉልላት አዲስ ጓርኒሲዮን አስገብቶ ቡሎኑን አጠበቀው። ቁልቁለቱ ደረቀ፣ ቦኖው ተንፎለፎለ፣ አለቃው በሰው ፊት አመሰገነው።

ማታ ደስ ብሎት ቤቱ ገባ። አስካለማርያም ልጇን ታቅፋ ታለቅሳለች።

"ምን ሆናችሁ?"

"ዛሬ ያለ ድጋፍ ተራመደችልኝ ብዬ ስሮጥ ብሄድ፣ ከፓምፕ ቤቱ ግድግዳ ሥር የፈለቀው ጸበል ደርቋል፤ እስክትድን አይነጥፍም ብለው ጋሽ መኳንንት በመድኃኔዓለም ምለውልኝ ነበር እኮ!"